94 ዲግሪ ላይ የሚበስል ዳቦ

ሦስተኛውን ዳቦ ካከሰልኩ በኋላ ባለቤቴ ቴርሞሜትሩን ከእጄ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የምከተለው የአሠራር መመሪያ የዳቦው ልብ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከኦቨን ይውጣ ይላል፤ እኔም የመለኪያውን ዘንግ በዳቦው መሐል ሰክቼ ያንን ቁጥር እጠብቃለሁ። ቁጥሩ 90 ያልፋል፣ 93 ይደርሳል፣ 94 ላይ ሲሆን ግን እግሩን ተክሎ ይቆማል። ዐሥር ደቂቃ ጨምሬ፣ በዚያ ላይ ሌላ ዐሥር ደቂቃ ደርቤ ብጠብቅም ፈቀቅ አይልም፤ በዚህ መሐል ቅርፊቱ ከቡናማነት ወደ ጥቁረት ያልፍና ጭሱ ከማድ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይገባል። ሦስት እሑድ፣ ሦስት ዳቦ እንዲህ ሄደ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ለመግዛት ሳስብ ነበር፤ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ በቤቷ ኬክ በትዕዛዝ እየሠራች የምትተዳደር ልጅ፣ ነገሩን ሰምታ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት «ቲቸር፣ ይህን እኮ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» ያለችኝ።

እኔ በሐዋሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ መሆኑን፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ነጥበ ፍሌቱ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እንደሚወርድ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ለፈተናም አወጣዋለሁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዳቦ ልብ ደግሞ እርጥበት እስካለው ድረስ ከውሃው ነጥበ ፍሌት አልፎ ሊሞቅ አይችልም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ከባሕር ብዙም ከፍ ባላለ አገር ሆኖ ጽፎታል፤ ለእሱ ቤት ቁጥሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ዳቦዬ ታቦር ተራራ ግርጌ ተቀምጦ የሌላ አገር ሙቀት እንዲያመጣ እየጠበቅኩ ነበር። ዛሬ የዳቦዬ ልብ 92 ወይም 93 ሲደርስ አወጣዋለሁ፤ በሚገባ የበሰለ ነው።

ወደዚህ ነገር የገባሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ነው። ከዳቦ ቤት የምንገዛው ዳቦ በየጊዜው እያነሰ፣ በማግስቱም እንደ ገለባ እየደረቀ ሄዶ ነበርና ባለቤቴ ስታማርር «እኔ እጋግራለሁ» አልኩ። በግቢያችን ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ ሲያቦካ ማየት የተለመደ ስላልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳቅ ምንጭ ሆኜ ከረምኩ። በዚያ ላይ የመረጥኩት ተራውን የፓኬት እርሾ ሳይሆን በስልኬ ላይ ያየሁትን፣ ፈረንጆች ሳወርዶ የሚሉትን፣ በዱቄትና በውሃ ብቻ ከዜሮ ተነሥቶ የሚቦካውን ዳቦ ነበር።

50 ግራም የስንዴ ዱቄት ከ50 ግራም ውሃ ጋር በማር ጠርሙስ ውስጥ አዋሕጄ፣ ከፍታውን በላስቲክ ምልክት አድርጌበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። የቧንቧውን ውሃ የክሎሪኑ ሽታ እንዲለቀው አስቀድሜ ሌሊቱን ክፍቱን አሳድሬዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ሊጡ እጥፍ ሆኖ ኩፍ አለ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ጭጭ አለ፤ ሽታውም የከረመ ካልሲ ይመስል ጀመር። ሞቷል ብዬ ደፋሁት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና በሁለተኛው ቀን ተነፋ፤ እንደገና በሦስተኛው ተኛ፤ እንደገና ደፋሁት።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ያ የመጀመሪያው ግርግር የእርሾ ሥራ አልነበረም። አዲስ ሊጥ ገና ባልኮመጠጠበት ሰዓት ፈጥነው የሚራቡ፣ ሊዩኮኖስቶክን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ጋዝ እያወጡ ሊጡን ይነፉታል፤ አሲዱ ሲበረታ ግን ለራሳቸውም አይመቻቸውምና ይዳከማሉ። ኮምጣጣውን የሚችሉት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ቦታውን እስኪይዙ ድረስ ሊጡ ለቀናት ዝም ይላል፤ እንደ ሐምሌ ባለ ቀዝቃዛ ወር ደግሞ ዝምታው ይረዝማል። እኔ ሁለቱንም ጊዜ የደፋሁት ዋናው ሥራ በተጀመረበት ሰዓት ነበር።

ሁለተኛውን ስደፋ የግቢያችን እማማ አዩኝ። እማማ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ እስከ ዛሬ የእንጀራ ሊጣቸውን በሰው የማያስቦኩ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ እህል እየደፋህ ምን ልታገኝ ነው?» አሉኝ። እርሾ እየሠራሁ መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ተመለከቱኝ። «እርሾ ይሠራል እንዴ? እርሾ ይለመናል እንጂ!» አሉና ገብተው ከቡሃቃቸው አፍ ላይ ቢጫውን ውሃ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ከመሸ እርሾ አይሰጡም ነበርና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዤ እንድገባ አጣደፉኝ። ጣሳውንም ባዶውን እንዳልመልስ አስጠነቀቁኝ።

«ይለመናል እንጂ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ የእልኸኛ አሮጊት አነጋገር መስሎኝ ነበር። የእማማ እርሾ ግን ከየት መጣ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ወደ ሐዋሳ የመጡ ጊዜ ከአንዲት የወላይታ ተወላጅ ጎረቤታቸው እንደ ተቀበሉት፣ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ጠፍቶባቸው ሁለቱንም ጊዜ ቀደም ብለው ከሰጧቸው ሰዎች መልሰው እንደ ለመኑት ነገሩኝ። ሊጡ ከቦካ በኋላ በላዩ የሚያርፈው ቢጫ ውሃ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ለጎረቤትም ይሰጣል፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ እርሾ የተጻፈ ነገር ሳስስ አንድ ጥናት እጄ ገባ። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የጤፍ እርሾ ፒኤቹ 3.5 ያህል የሆነ ኃይለኛ ኮምጣጣ መሆኑን፣ ከውስጡ ከተለዩት በዓይን የማይታዩ የእርሾ ሕዋሳት ደግሞ በብዛት የተገኘው ካንዲዳ ሚለሪ የተባለው መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ስም ለእኔ እንግዳ አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮ ጋጋሪዎች በሚኮሩበት ኮምጣጣ ዳቦ ውስጥ ተገኝቶ በዓለም የታወቀው ያው እርሾ ነው። እዚያ ዳቦውን የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ማልቶስ የተባለውን የእህል ስኳር ይመገባል፤ ካንዲዳ ሚለሪ ደግሞ ማልቶስን አይነካም፤ ሌሎቹን ስኳሮች ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ገበታ ላይ ቀርበው አይጣሉም። ባክቴሪያው በከተማዋ ስም ቢጠራም በኋላ በብዙ አገሮች ሊጥ ውስጥ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና 500 የቤት እርሾዎችን ያነጻጸረ ጥናትም በሊጡ ውስጥ የሚኖረውን ፍጡር የሚወስነው ቦታው እንዳልሆነ፣ ቢወስንም እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ አሳይቷል። የሰፈር ጉራ የሚወድ ሁሉ ይህን ቢያነብ ደግ ነበር።

ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ባወራ ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ፈረንጅ አዲስ ነገር አደረገው እንጂ ይኸው የእኛው እርሾ አይደል? ምን የሚማሩት ነገር አለ?» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ጤፍ ግሉተን የለውም። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው ጋዙ ሊጡን ሰንጥቆ ሲያመልጥ ነው፤ ዳቦ ግን ጋዙን እስኪበስል ድረስ በሆዱ መያዝ አለበት፤ የሚይዘውም የስንዴው ግሉተን እንደ ጅማት ተለጥጦ ነው። አንዱ የመልቀቅ፣ ሌላው የመያዝ ጥበብ ነው። ይህን በራሴ ገንዘብ ተምሬዋለሁ፤ የእማማን እርሾ ግማሽ ኩባያ ያህል በቀጥታ ስንዴ ሊጥ ላይ ገልብጬ ሌሊቱን ሳሳድረው ጠዋት ያገኘሁት ውሃ የሆነ፣ ከእጄ የሚንጠባጠብ ነገር ነበር። ያ ሁሉ አሲድ ግሉተኑን አላልቶ በትኖታል። የተጋገረው ዳቦ እንደ ቂጣ ተንጣለለ፤ ልጆቼም አንድ ጊዜ ገምጠው ፊታቸውን አጨማደዱ።

መፍትሔው እርሾውን ቀስ በቀስ ስንዴ ማስለመድ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ወስጄ፣ ከወፍጮ ቤት ባስፈጨሁት ያልተነፋ ስንዴ 50 ግራምና በ50 ግራም ውሃ ጠዋትና ማታ እመግበው ጀመር። ያልተነፋው ስንዴ ገለባው ለእርሾው የሚስማማ ማዕድን ስላለው ከፉርኖ ዱቄት ይልቅ ፈጥኖ ያነቃዋል። መመሪያዎቹ በየጊዜው ከሚመገበው ሊጥ አብዛኛውን ወደ ቆሻሻ ጣሉ ይላሉ፤ እማማ በተቀመጡበት ግቢ ግን ይህ የማይታሰብ ነገር ነው። የተቀነሰው ሊጥ በየማታው ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ጠዋት ቂጣ ሆኖ ለግቢው ልጆች ይከፋፈላል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሊጡ በአምስት ሰዓት ውስጥ ከላስቲኩ በላይ እጥፍ ሆኖ ወጣ፤ ከውሃ ላይ ጠብ ሳደርገውም ተንሳፈፈ። የመጀመሪያው ደህና ዳቦ ሲወጣ ግማሹን ቆርጬ በጣሳው ላይ አድርጌ መለስኩ። እማማ አገላብጠው አዩትና «ላዩ ደርቋል፤ ጥርስ ላለው ሰው ይሆናል» አሉ። ይህ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ምስጋና መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚያ በኋላ የካቲት መጣ። የሐዋሳ የካቲትና መጋቢት ቆርቆሮ ከላዩ ላለ ማድ ቤት የምሕረት ወራት አይደሉም። ሊጡን 12 ሰዓት አሳድሩት የሚለውን ታምኜ ማታ ያቦካሁት ሊጥ ጠዋት ላይ ከዕቃው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። በዚህ ጊዜ ነው በሰፈራችን ዳቦ ቤት ሌሊት የሚሠሩትን ጋጋሪ የተዋወቅኳቸው። እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የፉርኖው ብርሃን በሚወጣበት በር በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ዱቄት እስከ ቅንድባቸው የለበሱ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። መምህር መሆኔን፣ ዳቦ መጋገር እንደምሞክርና ሊጥ እንደሚያመልጠኝ ስነግራቸው አልሳቁም። «ውሃዎን ስንት ጊዜ ዳሰሱት?» አሉኝ። እኔ መዝኜዋለሁ እንጂ አልዳሰስኩትም ነበር።

ጋሼ በንግድ እርሾ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ ሊጣቸው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ እኔ የምሠራውን ዓይነት ለመሥራት የዳቦ ቤት ኪራይ አይፈቅድም። ሆኖም ስለ ሙቀትና ስለ ዱቄት ከእሳቸው የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም። በበጋ ውሃቸውን ማታ ሜዳ ላይ በበርሜል ያሳድሩታል፤ ሊጡን በእጃቸው ጀርባ ነክተው «ሞቋል፣ ይቸኩላል» ወይም «ገና ነው» ይላሉ። እኔ ቤት ገብቼ ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያው በልመና አስወጥቼ የራሴን ሊጥ ብለካው 29 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። መመሪያው ታሳቢ ያደረገው 21 ዲግሪ ነበር። ሙቀቱ በስምንት፣ በዐሥር ዲግሪ ሲጨምር መቡካቱ እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ ከፍታችንም የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው ጋዙ በሊጡ ውስጥ የበለጠ ይሰፋል። ስለዚህ ለ500 ግራም ዱቄት የምጨምረውን እርሾ ከ100 ግራም ወደ 30 ግራም ዝቅ አደረግኩ፤ ውሃውን አቀዘቀዝኩ፤ ሰዓት ማየቱን ትቼ ሊጡን ማየት ጀመርኩ።

የዱቄቱ ትምህርት ደግሞ እንዲህ ነበር። በስልኬ የማያቸው ጋጋሪዎች ለ500 ግራም ዱቄት 400 ግራም ውሃ ያደርጋሉ፤ ሊጣቸውም እንደ ሐር ይለጠጣል። የእኔ ሊጥ በዚህ ልክ ሲቦካ ሾርባ ይሆናል። ጋሼ ከያዝኩት ዱቄት ጭብጥ አድርገው ጨምቀው ለቀቁት፤ በጣቶቻቸውም መካከል አሹት። «ይህ ዱቄት ይህን ያህል ውሃ አይችልም። አይፍረዱበት» አሉኝ። ከ325 ግራም ጀምሬ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርኩ የራሴን ልክ እንድፈልግ መከሩኝ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ስንዴ እንደየመኸሩና እንደመጣበት አገር ስለሚለያይ፣ አዲስ ከረጢት በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው መተዋወቅ እንደሚገባ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ በተራዬ ከእርሾዬ ጥቂት በብርጭቆ ወሰድኩላቸው። አሸተቱትና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ልጅ ሆነው በተቀጠሩበት ዳቦ ቤት ከትናንቱ ሊጥ እየተቆረጠ ለዛሬ ይቀር እንደነበርና ሽታው ይኸው እንደነበረ ነገሩኝ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከ1,900 ዓመታት በፊት በአገሩ የተለመደው አሠራር ይኸው እንደነበረ ጽፏል።

የቀረው ችግር ቅርፊቱ ነበር። ኮምጣጣ ዳቦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንፋሎት ካላገኘ ላዩ ቶሎ ይደርቅና መነሣት ሲገባው ታፍኖ ይቀራል፤ ወይም በጎኑ ይፈነዳል። ለዚህ የሚመከረው ከባድ የብረት ድስት ዋጋው የማይቀመስ ሆነብኝ። ከቀድሞ ተማሪዬ ጋር ውሃ የሞላ ትሪ ከሥር ብናደርግ፣ የሞቀ ድንጋይ ላይ ውሃ ብንረጭ እያልን ስንማከር ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጠናለች። በመጨረሻ ሰለቻትና «ድፎ ስንደፋ ኮባ የምናለብሰው ለምን ይመስልሃል? ለጌጥ?» አለችኝ። ሁለታችንም ተያየን። በሐዋሳ ኮባ እንደ ሣር ነው፤ ገበያ ላይ በርካሽ ይገኛል። የእንሰት ቅጠሉ በሙቀት እርጥበቱን እየለቀቀ ሊጡን በእንፋሎት ያለብሰዋል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ሊጥ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት እየተመለሰ ሙቀቱን ያስረክበዋል፣ ላዩንም አለስልሶ ያቆየዋል። ይህንንም አስተምሬው የማውቅ ትምህርት ነው፤ ድብቅ ሙቀት ብዬ።

የኮባው ዳቦ የተፈተነው በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። በዚያ ቀን ሐዋሳ በእንግዳ ትጨናነቃለች፤ በእኛም ቤት ከገጠር የመጡ ዘመዶች ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሁለት ትልልቅ ዳቦ በኮባ ጠቅልዬ አንዱን ኦቨን ውስጥ ካስገባሁ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ሁለተኛው ሊጥ ደርሶ ሊያልፍበት ነው፤ ፍሪጁም አይሠራም። እኔ በጨለማ ቆሜ የኦቨኑ ሙቀት በስንት ደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ በሐሳቤ ሳሰላ እማማ በሩ ላይ «ከሰል ይቀጣጠል!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእኔ ትእዛዝ ውጭ ነበር። ከየቤቱ ምድጃ ወጣ፤ አንዱ ከሰል ያራግባል፣ አንዷ ምጣድ ታሰማለች፣ ልጆች የስልክ መብራት ይዘው ይጋፋሉ። በከፊል የበሰለውን ዳቦ ከነኮባው አውጥተን ምጣድ ላይ አደረግነው፤ በላዩ ሌላ ምጣድ ደፋንበት፤ በዚያ ላይ ፍም ዘረጋን። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በየመሐሉ ጆሯቸውን ወደ ምጣዱ ያስጠጋሉ፤ ምን እንደሚሰሙ ብጠይቃቸው «ዝም ሲል ይወጣል» አሉ። ለካስ የሚያዳምጡት የእንፋሎቱን ሲርታ ነው። ሲርታው ሲቀንስ ዳቦው ትርፍ ውሃውን ጨርሷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዳቦ ከመጀመሪያው ይልቅ አምሮ ወጣ፤ ከታች በኩል ኮባው ታትሞበት፣ የቅጠሉ መስመር እንደ ጥልፍ ተሥሎ ነበር። መብራቱ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መሰባሰብ ተጀመረ፤ ማንም አልወሰነውም። ጋሼ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ይመጣሉ፤ ተማሪዬ የኬኳን ትርፍራፊ ይዛ ትመጣለች፤ የአንድ ባልደረባዬ እናትም ከገጠር ለልጃቸው ዋሳ ይዘው ሲመጡ ጎራ ይላሉ። ዋሳ በሲዳማ ቆጮ ማለት ነው። እኚህ እናት አማርኛ ብዙም ስለማይናገሩ ልጃቸው ያስተረጉማል። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት እንደሚቀበር፣ ጉድጓዱም እየተከፈተ እንደሚታሽ ሲያስረዱ ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን፤ በተለይ እኔ፣ በ12 ሰዓት ያማረርኩት ሰው። የእርሾዬን ጠርሙስ ከፍቼ ሳቀርብላቸው አሸተቱት፤ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጃቸው ሳቀ። «ገና ልጅ ነው እያለች ነው» አለኝ።

ከእኔ ጠርሙስ ሁሉም እየቆረጡ ወስደዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እያንዳንዱ ዳቦውን ይዞ ሲመጣ ግን ጣዕሙ አንድ አልነበረም። የተማሪዬ ለስላሳና እርጎ እርጎ የሚል ነው፤ እርሾዋን አዘውትራ ስለምትመግበው አሲዱ አይበረታም። የጋሼ ወፍራም ሊጥ ስለሆነና በቀዝቃዛ ጥግ ስለሚያሳድሩት ወደ ኮምጣጤ ያደላል። ምክንያቱ አያያዝ ብቻም ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የተጠሩ ጋጋሪዎች በአንድ ዓይነት ዱቄት እርሾ ሠርተው ሲመረመር በእጃቸው ቆዳ ላይና በሊጣቸው ውስጥ የሚመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ይህን ስናገር ጋሼ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷልና። እንዲህ ያለው ዳቦ መድኃኒት አይደለም። ረጅሙ መቡካት በስንዴው ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቲክ አሲድ ይቀንሰዋል፣ ይህ እውነት ነው፤ ቶሎም አይሻግትም። ግሉተኑ ግን አለ። ስንዴ የማይስማማው፣ ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ዳቦ «በእርሾ የተሠራ ነው» ተብሎ ሊበላው አይገባም። አንዲት እናት ለታመመች ልጇ ዳቦ ልትገዛ መጥታ በዚህ ምክንያት ባዶ እጇን መልሻታለሁ፤ ለእሷ ጤፍ አለላት።

ባለፈው ሰኔ ለፈተና እርማት ዐሥር ቀን ከቤት ርቄ ሰነበትኩ። እርሾዬን መግቤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ሊጠይቁን የመጡ አንዲት ዘመዳችን ቤቱን ለማገዝ ብለው ፍሪጁን ሲያጸዱ፣ ላዩ ላይ ግራጫ ውሃ ያቆረውን ጠርሙስ የተበላሸ ሊጥ መስሏቸው ደፍተው፣ ጠርሙሱንም በፈላ ውሃ አጥበው ደረቅ አድርገው ደፍተውታል። ስመለስ ጠርሙሱ እያብረቀረቀ ጠበቀኝ። ሴትየዋ በመልካም ልብ ያደረጉት ስለሆነ ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ባለቤቴ ግን ፊቴን አይታ ወደ ጓዳ ገብታ ሳቀች።

በማግስቱ ልመና ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ እማማ ሄድኩ፤ የእኔን እርሾ ከወሰዱ ሳምንት ሳይሞላው ከጤፉ ጋር ቀላቅለውታል፣ «እርሾ እርሾ ነው» ብለው። ጋሼ ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸው ደግሞ በቸኮሉ ቀን የፓኬት እርሾ ጨምረውበት የየትኛው ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻ ወደ ተማሪዬ ቤት ደወልኩ። በዚያው ማታ ታናሽ ወንድሟ በባጃጅ መጥቶ የማዮኔዝ ጠርሙስ አቀበለኝ። ክዳኑ ላይ በወረቀት ፕላስተር «ቲቸር፣ 10 ሰዓት ላይ መግቤዋለሁ፣ 30 ግራም ያልተነፋ፣ 24 ዲግሪ። ጠርሙሱን ባዶውን እንዳይመልሱ» ተብሎ ተጽፎበታል። መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ላስቲኩን አሰርኩበት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስመለከተው ላስቲኩን አልፎ ክዳኑን ይገፋ ነበር።